ከሙዚየሙ ሥር ያለው ቤት፦ የዋሽንግተን ሴተኛ አዳሪ ቤቶች ታሪክ ከየት ይገኛል?

ዋሽንግተን ከተማ፣ ከካፒቶል ጉልላት አለፍ ብሎ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሙዚየም አለ። ግድግዳው ነፋስና ውኃ የቦረቦረው ገደል እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ፣ በ2004 የተከፈተ ሕንፃ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ቦታው በቁፋሮ ሲጠና የድሮ ጥራጊ ወጣ፤ የሻምፓኝ ቡሽና ቡሹን ጠፍሮ የሚይዘው ሽቦ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ የፖርሴሊን ስባሪ፣ የከብት፣ የዶሮ፣ የዓሣና የኤሊ አጥንት፣ የኮኮናት ቅርፊት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢው የሠራተኛ ሰፈር ነበር። እንዲህ ያለ ማዕድ የማን ቤት ነው?

የሜሪ አን ሆል ነው። ከ1840 ገደማ ጀምራ ለአርባ ዓመት ያህል እዚያው ሜሪላንድ ጎዳና ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ይዛ፣ ሴተኛ አዳሪዎች አሳድራ ኖረች። በ1886 ስትሞት ዕዳ የሌለበት 87,000 ዶላር የሚገመት ሀብት ተወች። በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ የሰሜኑ ጦር ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ይከፈለው ነበር። ሒሳቡን ለሚወድ፣ የአንድ ወታደር ከ550 ዓመት በላይ ደመወዝ ማለት ነው። መቃብሯ ታላላቅ ባለሥልጣናት በተቀበሩበት በኮንግረሱ መካነ መቃብር ውስጥ ነው። ከተማዋ ግን እስከ ቁፋሮው ድረስ እሷን የምታስታውስበት ምክንያት አልነበራትም።

እዚህ ባሕር ዳር የከተማ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ስለ ድሮ መሸታ ቤቶችና ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እሱ እንኳ ማስረጃ የለውም» ነው። የአሜሪካ ከተሞችን ሥራ ላየ ሰው መልሱ አያጠግብም። ማስረጃው አለ፤ የሚገኘው ከእነዚህ ቤቶች ገንዘብ የተቀበለ ሁሉ ዘንድ ነው። አከራይ፣ ግብር ሰብሳቢ፣ ዳኛ፣ መድን ሰጪ፣ ሐኪም፣ ወራሽ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ሲወስድ ወረቀት ትቷል። ታሪክ ጸሐፊው ያፈረበትን ገንዘብ ተቀባዩ መዝግቦታል። ስለዚህ ፍለጋው ድርሻውን እየተከተሉ ነው።

ቦታው

መጀመሪያ ቤቱ ለምን እዚያ እንደቆመ መረዳት ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ከፔንሲልቫኒያ ጎዳና በስተደቡብ የከተማው ቦይ ያልፍ ነበር። ለጭነት ጀልባ የተቆፈረው ቦይ ውሎ አድሮ የፍሳሽ መጣያ ሆኖ ይከረፋ ጀመር፤ በ1870ዎቹ እስኪደፈን ድረስ የቦዩ ዳር ኪራይ ርካሽ ሆኖ ቆየ። በዚያው ላይ ትልልቆቹ ሆቴሎች፣ ዋናው ገበያ፣ ምክር ቤቱና ባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ኪሱ ገንዘብ ያለው፣ ከቤቱ የራቀ፣ ጥቂት ቀን ብቻ የሚቆይ ወንድ በብዛት የሚያልፍበት፣ ደህና ቤተሰብ ግን መኖር የማይፈልግበት መሬት ሲገኝ ንግዱ እዚያ ይተከላል። በሌሎቹም የአሜሪካ ከተሞች ያው ነው፤ ወደብ፣ ባቡር ጣቢያ፣ የጦር ሰፈር፣ የእንጨት መጋዘን ጀርባ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የዋሽንግተን ሕዝብ በ1860 61,122 ነበር፤ በ1870 109,199 ሆነ። በመካከሉ ባለው ጊዜ ከተማዋ በወታደር ተጥለቀለቀች። ዛሬ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሞሉት ሦስት ማዕዘን መሬት ያን ጊዜ በሰሜኑ ጦር ጄኔራል በሁከር ስም «የሁከር ክፍለ ጦር» እየተባለ ይጠራ ጀመር፤ የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ሰፈር በጦር ክፍል ስም መጠራቱ ፌዝ ነው።

ለታሪክ አጥኚ ጦርነት አንድ ጥቅም አለው፦ ጦር መዝገብ ይወዳል። የከተማው የጦር ፖሊስ አዛዥ ቢሮ በ1864 የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን ዝርዝር አዘጋጀ። ዝርዝሩ አድራሻውን፣ የእመቤቲቱን ስም፣ የሴቶቹን ቁጥርና የቤቱን ደረጃ ይይዛል። ደረጃው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ወርዶ «ዝቅተኛ» እና «እጅግ ዝቅተኛ» ላይ ይደርሳል። የሜሪ አን ሆል ቤት 18 ሴቶች ያሉት አንደኛ ደረጃ ተብሎ ተጽፏል። የጦሩ ጭንቀት ወታደሩ የት እንደሚጠፋ ማወቅ ስለነበር አድራሻው ላይ ተጠንቅቋል፤ የሴቶቹን ስም ግን አልፈለገውም። ይህ መዛባት በሁሉም ሰነድ ላይ ይደጋገማል። የቤቱን ባለቤት እናገኛለን፣ ቤቱን እናገኛለን፣ ሴቶቹ ቁጥር ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ቤቱ በምን ይኖር ነበር?

የሰው ግምት ገንዘቡ በሙሉ ከአልጋው ይመጣል የሚል ነው። የተደራጀ ቤት ግን ቢያንስ ከአራት በኩል ይበላ ነበር። አንደኛው ከእንግዳው ክፍያ የሚወሰደው ድርሻ ነው፤ በትልልቅ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ግማሹ የእመቤቲቱ ነው። ሁለተኛው ሴቲቱ በየሳምንቱ ለመኝታና ለምግብ የምትከፍለው፣ ሦስተኛው መጠጡ ነው፤ ሻምፓኙ ከገበያው ዋጋ በብዙ እጥፍ ስለሚሸጥ ያ ሁሉ ቡሽ ጉድጓድ ውስጥ መገኘቱ አይገርምም። አራተኛው ልብስ ነው። እመቤቲቱ በራሷ ስም ከሱቅ በዱቤ ታወጣና ለሴቲቱ ጨምራ ታስከፍላለች። ልብሱ ሳይከፈል ሌላ ልብስ ይመጣል። ሴቲቱ ዕዳዋን ሳትጨርስ ብትወጣ ሻንጣዋ ይያዛል። ቡና ቤት ውስጥ «ሒሳብ አለብሽ» ሲባል የሰማ የእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወጪውም ቀላል አልነበረም። ለሴተኛ አዳሪ ቤት የሚከራይ ሰው ከጎረቤቱ እጅግ የበለጠ ይከፍላል፤ ባለቤቱ «አላወቅሁም» የሚልበትን ዋጋ ጨምሮ ነው የሚያከራየው። ሜሪ አን ሆል ይህን አመለጠች፤ መሬቱም ቤቱም የራሷ ነበር። ሀብታም ሆና የሞተችበት ዋናው ምክንያት ይኼ ይመስለኛል፤ በኪራይ ቤት የሠሩት አብዛኞቹ እመቤቶች ትርፋቸውን ለአከራይ ገብረው ነው ያረጁት።

እሷ ስትሞት ውርሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የቤቱ ዕቃ ተቆጠረ። ምንጣፍ፣ የዘይት ቀለም ሥዕል፣ በቀይ ከፈይ የተለበጠ የሳሎን ወንበር፣ የብር ቅብ ዕቃ። እንዲህ ያለ የውርስ ዝርዝር ሲገኝ የሚነበብበት መንገድ አለው። ክፍል በክፍል ይኬዳል፤ አልጋና መታጠቢያ ሳህን ይቆጠራል፤ የአልጋው ቁጥር ከቤተሰቡ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ የሳሎኑ ዕቃ ዋጋ ከመኝታ ክፍሎቹ ዋጋ ጋር ይመዘናል። ሳሎን ላይ ገንዘብ ያፈሰሰ ቤት መጠጥ ሻጭ ነው።

የቆጠራው ገጽ

ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ የሕዝብ ቆጠራው ነው፤ አሳሳችነቱም ያንኑ ያህል ነው። አሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ትቆጥራለች። ለዚህ ሥራ በጣም የሚጠቅመው የ1880ው ቆጠራ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበት ነው፤ በከተማም የጎዳናው ስምና የቤቱ ቁጥር በገጹ ኅዳግ ላይ ይገኛል። በ1870ው ቆጠራ ይህ ሁሉ የለም፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከአያት ስምና ከዕድሜ መገመት ግድ ነው። የ1890ው ደግሞ በ1921 በዋሽንግተን በደረሰ ቃጠሎ አብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ ከ1880 ቀጥሎ የሚገኘው የ1900 ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨለማ። ንግዱ በጣም የደራበት ጊዜ ይኸው መሆኑ የሚያናድድ ነው።

ገጹ ላይ የሚፈለገው ይህ ነው፦ የቤቱ ኃላፊ ከ30 ዓመት በላይ የሆነች፣ ባል የሌላት ሴት፤ ከእሷ ቀጥሎ አራት ወይም ከዚያ በላይ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆነ፣ በስም የማይዛመዱ ሴቶች፤ ዝምድናቸው «ተከራይ» ወይም «ደባል»፤ የትውልድ ቦታቸው የተበታተነ፣ አንዷ ከአየርላንድ፣ አንዷ ከቨርጂኒያ፣ አንዷ ከኒውዮርክ፤ መጨረሻ ላይ ወጥ ቤትና ልብስ አጣቢ። የሥራው ዓምድ ላይ አንዳንዱ ቆጣሪ ስሙን ሳይሸፍን ይጽፋል፤ በ1860ው ቆጠራ ናሽቪል ላይ 207 ሴቶች ሴተኛ አዳሪ ተብለው ተመዝግበዋል። ሌላው ቆጣሪ «ልብስ ሰፊ» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ባዶ ይተወዋል።

ቆጣሪው ብዙ የማይጨነቅበት ምክንያት ነበረው። በ1880 ለአንድ ሰው ስም የሚከፈለው ሁለት ሳንቲም ነው፤ በር ላይ ቆሞ መከራከር አያዋጣውም። የሚመልስለት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሩን የከፈተችው እመቤቲቱ ወይም ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ ስሙ የሥራ ስም ነው፤ ዕድሜው ለገበያ የተቆረጠ ነው፤ የትውልድ ቦታው በወሬ የተሰማ ነው። በ1870 25 ዓመቷ የነበረች ሴት በ1880 29 ብትሆን አይግረማችሁ። አንዲትን ሴት ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ለመከተል ስምን መያዝ ዋጋ የለውም። አድራሻን ይዞ፣ ዕድሜን አምስት ዓመት ወዲህና ወዲያ አላልቶ፣ የትውልድ ቦታን ማየት ይሻላል፤ እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ቤትና ከተማ ስለሚቀይሩ ይጠፋሉ። እመቤቶቹ ግን ይቆያሉ።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት ቤት ሁሉ ሴተኛ አዳሪ ቤት አይደለም። በየፋብሪካው ዙሪያ መበለት እየከፈተች ልጃገረዶች የሚያድሩባቸው ንጹሕ የኪራይ ቤቶች ሞልተው ነበር፤ ገጹ ላይ ቁጭ የሚለው ያው ዓይነት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከቆጠራው የተገኘ ቤት ከቆጠራው ውጭ ባለ ሌላ ምንጭ ካልተረጋገጠ አይጻፍም። የፖሊስ ፍርድ ቤት ዜና፣ የቅጣት መዝገብ፣ ወይም ካርታ።

ካርታ ካልኩ አይቀር፣ ሳንቦርን የሚባለው ድርጅት በ1867 ተቋቁሞ ለእሳት መድን ሰጪዎች የከተማ ካርታ ያዘጋጅ ነበር። አንድ ኢንች በመሬት ላይ 50 ጫማ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ተስሏል። ሮዝ ቀለም ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት፣ ሰማያዊ ድንጋይ። መድን ሰጪው ማወቅ የሚፈልገው ቤቱ እንዴት እንደሚቃጠል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፋኖስ የሚበራበት፣ የሰከረ ሰው የሚያጨስበት ቤት ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ይለያል። ስለዚህ ሠዓሊው ቤቱ ላይ ኤፍ እና ቢ የሚሉ ሁለት ፊደላት ያስቀምጣል፣ «የሴቶች ማደሪያ» እንደ ማለት። በምዕራቡ አገር ከተሞች ካርታ ላይ ፊደላቱ ተሰልፈው አንድ ጎዳና ሙሉ ሲይዙ ይታያል።

ካርታውም ወጥመድ አለው። ካርታው በየጊዜው ይታረማል፤ አዲስ ሕትመት ከማውጣት ይልቅ ብዙ ጊዜ በአሮጌው ላይ የታተመ ወረቀት ስለሚለጠፍ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት የቤቱ ዓመት ላይሆን ይችላል። የቤት ቁጥርም ይለወጣል፤ ቺካጎ በ1909 ከተማውን እንደገና ስትቆጥር አሮጌው አድራሻ ሁሉ ትርጉም አጣ። የጎዳና ስም እንኳ ሳይቀር ይቀየራል። ዴንቨር ውስጥ ሆላደይ ጎዳና በሴተኛ አዳሪ ቤቶቹ ስሙ ሲጠፋ ማርኬት ጎዳና ተባለ።

ፈቃድ፣ ቅጣትና አንዲት መርከብ

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ንግዱ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ እየተከለከለም ግብር ይከፍል ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እመቤቶቹ በወር አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፣ ጥፋተኛ ነን ይላሉ፣ የታወቀውን ቅጣት ይከፍላሉ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሚኒያፖሊስ ከቅጣቱ ገንዘብ ከፊሉን «የወደቁ ሴቶች» ለሚባሉት መጠለያ ትሰጥ ነበር። ለአጥኚ እንዲህ ያለ መዝገብ ወርቅ ነው፤ በየወሩ የማን ቤት እንደነበረ፣ ማን እንደጠፋ፣ ማን አዲስ እንደመጣ ይነግራል። አንድ እመቤት ሁለት ወር ተከታትላ ካልታየች ቤቱ ተዘግቷል ወይም ተሸጧል ማለት ነው።

ግልጽ ፈቃድ የሞከሩት ጥቂት ናቸው። ሴንት ሉዊስ በ1870 ጀመረች፣ የሚዙሪ ምክር ቤት በ1874 ሻረባት። ከእሷ በፊት የነበረው የናሽቪል ሙከራ የበለጠ ያስተምራል።

ናሽቪል በ1863 በሰሜኑ ጦር እጅ ናት። ስሞኪ ሮው የሚባለው ሰፈር በቂጥኝና በጨብጥ ወታደሩን ሆስፒታል እየሞላ ነው። በሐምሌ የጦር ፖሊስ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ጆርጅ ስፓልዲንግ ሴቶቹን ሰብስቦ በመርከብ ከከተማ እንዲያስወጣ ታዘዘ። አይዳሆ የምትባል አዲስ የእንፋሎት መርከብ ተያዘች፤ ካፒቴኑ ጆን ኒውኮም ይባላል። ከመቶ የማያንሱ ሴቶች ተጫኑ። ለካፒቴኑ ጥበቃ አልተሰጠውም፣ ስንቅ አልተሰጠውም፣ የሚቀበል ከተማም አስቀድሞ አልተጠየቀም። ሉዊቪል አልቀበልም አለች። ሲንሲናቲም አልቀበልም አለች። መርከቧ ወንዝ ላይ ስትንከራተት ሰንብታ በነሐሴ መጀመሪያ ሴቶቹን ይዛ ናሽቪል ተመለሰች። ኒውኮም ለተሰባበረው ዕቃና ከኪሱ ላወጣው ስንቅና መድኃኒት ከመንግሥት ገንዘቡን ያገኘው በ1865 ነው፤ 1,000 ዶላር ለመርከቧ፣ ከ4,300 ዶላር በላይ ለስንቁና ለመድኃኒቱ። የጉዞውን ዝርዝር ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ሰውዬው ገንዘቡን እየተከታተለ ስለጻፈ ነው።

በዚያው ላይ የተጫኑት ነጭ ሴቶች ነበሩ፤ ክፍት የሆነውን ቦታ ወዲያውኑ ጥቁር ሴቶች ያዙት። ስለዚህ ስፓልዲንግ በነሐሴ ሌላ መንገድ ሞከረ። እያንዳንዷ ሴት ትመዘገባለች፣ 5 ዶላር ከፍላ ፈቃድ ታወጣለች፣ በየጊዜው በሐኪም ትመረመራለች፣ ጤነኛ ከሆነች ወረቀት ትቀበላለች፣ ከታመመች ለዚሁ በተከፈተው ሆስፒታል ትተኛለች። ለሆስፒታሉ ወጪ በሳምንት 50 ሳንቲም ትከፍላለች። ፈቃድ የሌላት 30 ቀን የጉልበት እስር ይጠብቃታል። በሚያዝያ 1864 352 ሴቶች ፈቃድ ነበራቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ከምርመራው ይሸሹ ነበር፤ በኋላ ግን ወረቀቱ ለገበያ እንደሚጠቅም ሲያዩ ራሳቸው መምጣት ጀመሩ።

የሕክምናው ውጤት ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጦርነቱ ከሰሜኑ ነጭ ወታደሮች 73,382 የቂጥኝና 95,833 የጨብጥ ሕመም ተመዝግቧል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያየው በዓይኑ ብቻ ነው። የጨብጥ ተሕዋስ የታወቀው በ1879፣ የቂጥኝ በ1905 ነው። የሴት ጨብጥ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ የቂጥኝ ቁስል ያለ ሕክምናም ይደርቅና በሽታው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ «ጤነኛ» የሚለው ወረቀት ቁስል አልታየባትም ማለት ብቻ ነው። መመርመሪያው ብረት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄድ በደንብ የማይጸዳበት ዘመን መሆኑም አለ። የሚሰጠው መድኃኒት ሜርኩሪ ነው፤ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ድድ ያቆስላል፣ በሽታውን አያድንም። ምርመራው ለሴቲቱ ብቻ መሆኑ ደግሞ ስሌቱን ከመነሻው ያበላሸዋል። ወታደሩ ያልተመረመረበት ሥርዓት አንዱን እግር ብቻ ጫማ እንደማልበስ ነው።

ጉድጓዱ

ወረቀት የማይነግረውን ሽንት ቤት ይነግራል። ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና በሌለበት ዘመን የጓሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ የቤቱ ሁሉ መጣያ ነው። ሰው ያየው የማይፈልገው ዕቃ እዚያ ይገባል። የፍሳሽ መስመር ሲመጣ ጉድጓዱ በአንድ ጊዜ በዕቃና በአፈር ተሞልቶ ይዘጋል። የተዘጋበትን ጊዜ የሚናገረው ከውስጡ ከሁሉ አዲሱ ዕቃ ነው፤ አንድ የ1870 ሳንቲም ከሥር ከተገኘ ከላዩ ያለው ሁሉ ከ1870 በፊት ሊጣል አይችልም። አሮጌ ሰሐን ማንም ቤት ለሠላሳ ዓመት ሊያቆይ ስለሚችል በአሮጌው ዕቃ መዘመን ያሳስታል።

የሁከር ክፍለ ጦር በተባለው ሰፈር በተደረገ ቁፋሮ ከሴተኛ አዳሪ ቤቶች ጓሮ ከሠራተኛ ቤተሰብ ጓሮ ይልቅ ብዙ የልብስ ቁልፍና ብዙ የፋኖስ መስተዋት ስባሪ ወጥቷል። ሲታሰብ ግልጽ ነው። ልብስ ይለበሳል፣ ይወልቃል፣ ይታጠባል፤ መብራት እስኪነጋ ይበራል። አንድ ጥሩ ሰሐን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ከጎረቤት ጓሮ የወጣ ጥራጊ ጋር ካልተነጻጸረ።

ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትስ በተባለው የድሆች ሰፈር በ1991 በተጀመረ ቁፋሮ፣ በ1840ዎቹ ሴተኛ አዳሪ ቤት ከነበረ ቤት ጉድጓድ የቻይና የሻይ ዕቃና ለታመሙ ሴቶች የሚሆን የመስተዋት የሽንት ዕቃ ተገኝቷል። የሻይ ዕቃው ለሳሎኑ ነው፣ ሌላው ለበሽታው፤ ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ። ከዚያ ቁፋሮ የተሰበሰበው 850,000 ገደማ ቁራጭ ግን ተከማችቶ የነበረው በዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ነበር፤ በመስከረም 2001 ጠፋ። የተረፈው ለኤግዚቢሽን በውሰት የወጣው እፍኝ የማይሞላ ዕቃና ሪፖርቱ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ቢሞከር

መንገዱ ያው ነው፣ ወረቀቱ ይለያል። መጀመሪያ ጊዜውን መከፋፈል ነው። ጣሊያን የገባበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፤ ጦር ሰፈርና ሞተር ጀልባ ሐይቁ ዳር የመጡበት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተከፈተበት 1953 ዓ.ም.፤ ፖሊቴክኒኩ 1955 ዓ.ም.። ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም.፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት የሆነበት። እያንዳንዱ ዘመን ኪሱ ገንዘብ ያለው፣ ከቤቱ የራቀ የተለየ ወንድ አምጥቷል። ከዚያ ካርታ ላይ ሦስት ነገር ማስቀመጥ ነው፦ ታንኳና ጀልባ የሚራገፍበት ዳር፣ የዘጌ ቡናና የማገዶ እንጨት የሚሸጥበት ገበያ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ። በመካከላቸው ያለው ኪራይ የረከሰበት መንደር መነሻ ይሆናል።

ወረቀቱ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ይቀላል። በአዋጁ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ስለሄደ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ቤት የቀድሞ ባለቤቱ ስም፣ ኪራዩና የክፍል ብዛቱ ያለበት ፋይል ሊኖር ይገባል። አንድ ግቢ ውስጥ ፊትና ፊት የተሠሩ ስምንትና አሥር ጠባብ ክፍሎች፣ በፊት ለፊት አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ ይህ የቡና ቤት አሠራር ነው። ነገር ግን ቀበሌ ሲዋሐድና ሲከፈል የቤት ቁጥር ስለሚለወጥ፣ ከፋይሉ በፊት የቁጥሩን ለውጥ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ላለው የማዘጋጃ ቤት የመጠጥ ቤት ግብርና ፈቃድ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ የአሜሪካኑ የመበለት ኪራይ ቤት ወጥመድ በእኛ መልክ ይመጣል። ደጃፏ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ ጠላ የምትሸጥ እናት ልጆቿን የምታሳድግ ባለሙያ ናት፤ ጠጅ ቤትም ሰው ብርሌ ይዞ የሚጫወትበት ቤት ነው። የመጠጥ ፈቃድ መኖሩ ስለ ሌላው ምንም አይናገርም። ቤትን ያለ ሁለተኛ ማስረጃ ሴተኛ አዳሪ ቤት ብሎ የጻፈ ተማሪ የሰው አያት ስም አጥፍቷል። ሕጉም ግራ እንዳያጋባ፦ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫም ሆነ ዛሬ ባለው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣው በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት መነገድ ነው። ስለዚህ የፍርድ ቤት መዝገብ ሲፈለግ ሴቶቹን በስማቸው መፈለግ ድካም ነው፤ የደላላና የባለ ቤት ክሶችን ማየት ይሻላል።

የጓሮ ጉድጓድ ነገር እዚህ ይከብዳል። የሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ነው፤ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ንብርብሩ ይታወካል። ዋልካ በሆነ ቦታ ደግሞ አፈሩ በበጋ ተሰነጣጥቆ ዛሬ የወደቀ ቁልፍ እስከ ክንድ ጥልቀት ይገባል፤ በክረምት አብጦ ይዘጋበታል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ትንሽ ዕቃ ከአሮጌ ሸክላ ጎን መገኘቱ አብረው ተጣሉ ማለት አይደለም። ደግሞም በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ መሠረት ሲቆፈር የወጣን ነገር ግን በፎቶ መያዝና ማሳወቅ ይቻላል።

ከአሜሪካኖቹ የምንበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የሚጠየቅ ሰው አለን። አጠያየቁ ግን ሁሉን ይወስናል። እትዬ እገሊትን «እርስዎ ያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋል፤ ምናልባትም ለዘላለም። «እትዬ፣ ያን ጊዜ የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት ነበር? ለማን ነበር የሚከፈለው? ቢራ ካሳ ስንት ነበር የሚመጣው? አልጋ ልብሱን ማን ነበር የሚያጥበው?» ቢባል ግን የቤቱ ሒሳብ በሙሉ ይወጣል፤ ራሳቸውን ከፈለጉ ራሳቸው ያስገባሉ። ዓመት አይጠየቅም፤ «ከፋብሪካው በፊት ነው በኋላ? ከአብዮቱ በፊት ነው?» ይባላል። ልጆችና የልጅ ልጆች ባሉበት አይጠየቅም። ስም ከቅጂው ይወጣና ቁልፍ ያለው ሌላ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤቱም በጽሑፉ ውስጥ በመንደር እንጂ በቤት ቁጥር አይጠቀስም፣ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ በቀር። የድምፁ ቅጂ ደግሞ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች።